በደረሰኙ ጀርባ

ሲኞር ፉርላን፣
"ነገ ይደርሳል ወይ?" ብለው ቸኩለው ጠይቀውኝ፣
መልሴን ሳይሰሙ ወጡ፤ ነፋሱ በሩን ወረወረብኝ።
እነሆ በደረሰኙ ጀርባ፣ በማያምር ጽሕፈቴ፦
ነገ አይደርስም፤ ከነገ ወዲያም፤ ይርሱት በሞቴ።

ሰባት ሳምንት ይስጡኝ፣ ቢበዛ ስምንት። ቢቆጡም
ሰዓት ሠሪ፣ ሲኞር፣ በሰዓት አይሠራም።
ከፊትዎ የአንድ ጥርስ ሐኪም አለ፣ የሁለት መርከብ መሪ፤
ደግሞ ቦራ ሲወርድ ከተራራው፣ ያ ነፋስ፣ ያ ፎካሪ፣
ትሪየስቴ ስትንቀጠቀጥ፣ መስኮቴ ጥርሱን ሲያፋጭ፣
ክዳን አልከፍትም፤ አቧራ አለና፣ ሳያንኳኳ ገብቶ ተቀማጭ።

ከዚያ እፈታዋለሁ። ብልቱን አወጣለሁ በተራ፣
መቶ ሠላሳ ቁራጭ፤ ትንሿ ብሎን የቁንጫ ባልንጀራ።
ቢያዩት ይደነግጣሉ፤ ስለዚህ አይምጡ፣ አይዩት።
ሞላው ለዝቧል፣ ዘይቱ ሙጫ ሆኗል። እንደ ሰው ቢያስቡት፣
በቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ያዘገመው ሰንፎ አይደለም፤
በደረቀ ጉሮሮ ሲዘምር ማንም ከዜማው አይደርስም።

"እንደ አዲስ አድርጊው" አሉኝ። እሱን አልችልበትም፤
ታጥቦም፣ ዘይት ጠጥቶም፣ ያረጀ ሰዓት ነው። ዕድሜ አይታጠብም።
ክዳኑን ልወልውል? ጭረቱ ሲፋቅ ብረቱም ይፋቃል፤
ሦስት ጊዜ የተወለወለ ማዕዘን ያለቀ ሳሙና ይመስላል።
ከእንግዲህ ውኃ አይችልም፤ ሳህን ሲያጥቡ ያውልቁት።
የለወጥኩትን ዕቃ በከረጢት እሰጣለሁ፤ ያስቀምጡት ወይ ይጣሉት።

ይህ ለደንበኛ ሁሉ ነው። ቀጣዩ ለእርስዎ ብቻ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ኮትዎን ሳያወልቁ፣ ደረትዎን ነፍተው፦
"አባቴ ሠላሳ ዓመት አሰረው፣ የሰው እጅ ሳይነካው።
አንዴ አልታመመም፣ አንዴ አልቆመም" ብለው ማሉ።
መሐላው የእርስዎ አይደለም፣ ከልጅነት የሸመደዱት ነው፤ ያስታውቃል ቃሉ፤
አባትዎ ወደቡ መጠጥ ቤት የማሉት መሆን አለበት፣
እስከ ዛሬ የወይን ሽታ አለበት።

ክዳኑን ገለበጥኩት።
ከውስጥ በኩል፣ ከአጉሊ መነጽር በቀር ማንም በማያየው ቦታ፣
ሦስት ጽሑፍ በመርፌ ተጭሯል፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ አንዱ ካንዱ በታች ተኝታ።
እኛ የጠገንነው ላይ እንፈርማለን፤ ለባለቤቱ አይደለም፣
ከእኛ በኋላ ለሚከፍተው እንጂ፤ ሌላ አንባቢ የለንም።
ፊርማውን አወቅሁት። የአስተማሪዬ የኤጂዲዮ ነው፣
የመጀመሪያዋን ፊደል እንደ ዓሣ መንጠቆ የሚያጣምመው።
ሃምሳ ስምንት። ስድሳ አራት። ሰባ አንድ።

መዝገቡ ምድር ቤት ነው። ሻማ ይዤ ወረድኩ።
አይጥ ያልበላው ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ይኸውልዎ ያነበብኩ፦
"ሲኞራ አልማ ፉርላን። የባሏን ሰዓት።
ባል መርከብ ላይ ነው፣ እቶን ቤት። ጨው እንዳይበላው እቤት ይተወዋል።
ሳይመለስ ይድረስ። ለእርሱ አይነገር።
በአራት ጊዜ ትከፍላለች።"
ሦስቱም ጊዜ እንዲሁ። በሦስተኛው ከዳር፣ በእርሳስ፦
"የመጨረሻው ክፍያ በሰርዲን።"

ልንገርዎ አልንገርዎ ስል ሁለት ቀን አመነታሁ፤
አደራ ነውና፣ መዝገቡን ደጋግሜ አየሁ፤
"ለእርሱ አይነገር" ይላል። "ለልጁ" አይልም።

እንግዲህ ክዳኑን በውጭ ልወልውል ወይ፣ ይወስኑ፤
የውስጡን ግን አልነካም፣ ገንዘብዎን ቢደርቡም ቢለምኑ።
ከሦስቱ ሥር የእኔን እጭራለሁ፣ ዓመቱንም፣ በጠባቡ፤
እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ ዋጋ መጨመሩን ይንገሯቸው ሲቀራረቡ።

መቶ ዘጠና ዩሮ። በአራት ጊዜም ይቻላል።
ሰርዲን ከሆነ ግን ትኩስ ይሁን፤
ሐሙስ ጠዋት፣ ገበያው ሳይበተን።

ኒቬስ ኮሱታ